ኒቬስ በፉታ ዳገት ላይ

ኤርሜስ ዛጋቲ ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሚስቱን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ፍሎረንስን ሳላይ መሞት አልፈልግም» አላት።

ኒቬስ አንሶላ እያጠፈች ነበር። ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። «ሰው ከጃፓን ድረስ እየመጣ ያያታል። አንተን ያገደህ አንድ ተራራ ነው!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ተራራውን በብስክሌት እንሻገረው።»

«በዚህ ጉልበትህ?»

«በዚሁ ጉልበቴ።»

የፌራራ ሰው ገበያም፣ ቅዳሴም፣ ቀብርም የሚሄደው በብስክሌት ነው። አገሩ ግን እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ስለሆነ፣ ዳገት ብሎ የሚያውቀው የባቡሩን ድልድይ ብቻ ነው። ሁለቱ ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜያቸው የአፔኒንን ተራራ በፔዳል ሊወጡ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ኒቬስን አስቁማ «ሬሳውን በምን ልታመጪው ነው? በኋላ መቀመጫ?» አለቻት።

«ምን አስጨነቀሽ፣ ቁልቁለት ነው፤ ራሱ ተንከባሎ ይመጣል» ብላት አለፈች።

ኤርሜስ ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ድምፁን ከፍ ያደረገበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። ጢሙን ሲላጭ ምላጭ ከነካው እንኳ ደሙን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ኒቬስ ሌላ ናት። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እርጥብ አንሶላ ስትጎትት ነው የኖረችው፤ ክንዷ የደነደነ፣ ምላሷ ደግሞ ከክንዷ የባሰ። ከኤርሜስ በፊት ሌላ ባል ነበራት። ኤርሜስ ስለዚያ ሰው የሚያውቀው፣ ስሙንና የኒቬስ ግራ ጆሮ በእሱ ምክንያት የማይሰማ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ አብረው ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ይሆናል። ከዚያ ያለፈውን እሷ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ ተነሡ። ቦሎኛ እስኪደርሱ መንገዱ ሜዳ ነበር። ከተማው ውስጥ ሲገቡ ኤርሜስ ልጅ ሆነ። በቅስት የተሸፈኑትን የእግረኛ መንገዶች፣ የተንጋደደውን ግንብ፣ የበር እጀታ ሳይቀር ፎቶ ያነሣል። «ቆሚማ፣ እዚህ ጋ ቆሚ! ግንቡን የደገፍሽ አስመስዪ» ይላታል። እሷም እየተነጫነጨች ትቆማለች።

አደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሞርታዴላ ቋሊማ ሲበሉ አንድ ጎረምሳ በስኩተር መጣና የኤርሜስን ቦርሳ ከብስክሌቱ ላይ መነጨቀው። ኒቬስ የጎረሰችውን ሳትውጥ ብድግ ብላ የጃኬቱን አንገት ያዘችው። ስኩተሩ ከሥሩ አምልጦ ከአንድ ሐውልት አጥር ጋር ተላተመ፤ ልጁ በጀርባው ድንጋዩ ላይ ተዘረረ። ጉልበቷን ደረቱ ላይ ተክላ በጥፊ አጮለችው። አፍንጫው ፈነዳ። ሰው ሲሰበሰብ ለቀቀችው፤ ቦርሳውንም ስኩተሩንም ጥሎ እያነከሰ ሮጠ።

ያን ዕለት ኤርሜስ ከት ብሎ ሳቀ። ላረፉበት ቤት ባለቤትም እየኮራ ነገራት። «ሚስቴ ናት። እንግዲህ ቁርስ እንዳታሳንሺባት!»

በማግስቱ ከብስክሌት ሱቅ ወፍራም ባለ ቁልፍ ሰንሰለት ገዙ። ቦርሳው ውስጥ ቢያስገቡት ሚዛን ስለሚያዛባ ኒቬስ እንደ መቀነት ወገቧ ላይ ጠመጠመችው።

ከቦሎኛ በኋላ ተራራው ጀመረ። ዳገቱ ማለቂያ አልነበረውም። ኤርሜስ ጥቂት ይነዳል፣ ይወርዳል፣ ይገፋል፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። «አሁን ብሞት ጥፋቱ የማን ነው?» ሲላት፣ «የጃፓኖቹ» ትለዋለች። መንደር ሲገኝ ውኃ ይጠጣሉ፤ በጥብስ ቋሊማ ዳቦ ይበላሉ፤ ከሰዓት በረዶ ሲወርድባቸው ከአንድ ጎተራ ሥር ተጠለሉ። የበረዶው ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጩኸቱ ደህናውን ጆሮዋን አሳመማት። ኤርሜስ ግን ደስታው አልቀነሰም። ሁለተኛው ቀን ላይ የፉታ ተራራ መተላለፊያ ሲቃረብ፣ ከግራና ከቀኝ ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቻ በሆነበት ጥምዝ መንገድ ላይ፣ እሱ ከፊት እሷ ከኋላ ሆነው እየነዱ ነበር።

አንድ ነጭ ቫን ሲመጣ ኒቬስ አልሰማችውም። የመጣው በግራዋ በኩል ነው። ጡሩምባው ሲያምባርቅ መኪናው አጠገቧ ደርሶ ነበር፤ ነፋሱ ገፈተራት። እሷን አልፎ የጎን መስተዋቱ የኤርሜስን ክርን መታው። ኤርሜስ ከነብስክሌቱ ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ጋር ተላተመና ወደቀ።

«አንተ የውሻ ልጅ! ዓይንህን ምን ጋረደው?» ብላ ጮኸች፣ ጡጫዋን አንሥታ።

ቫኑ ጎማው እስኪጨስ ፍሬን ያዘ። ከዚያም የኋላ ማርሽ አስገብቶ እየተንደረደረ ወደ እሷ መጣ። ብስክሌቷን ጥላ ባትዘል ኖሮ ይጨፈልቃት ነበር፤ የፊት ጎማዋን ግን ጠፍጥፎ ቆመ። በሩ ተከፈተና አንገቱ ወፍራም፣ ቱታው በግድግዳ ቀለም የተለቀለቀ ሰው ወረደ። በኋላ እንዳወቁት ስሙ ሩጄሮ ነው፤ ሥራው ቤት መቀባት ነው።

«ማንን ነው የውሻ ልጅ ያልሽው? እስቲ ድገሚው!»

ኤርሜስ ክርኑን ይዞ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ምንም አልሆንኩም። ይቅር ይበሉን፣ በሰላም ይሂዱ» አለው።

«አንተ ዝም በል ሽማግሌ! መንገዱን የአባታችሁ ርስት አደረጋችሁት እኮ! እኔ እንጀራ ፍለጋ ስሮጥ እናንተ ጠባብ ሱሪ ለብሳችሁ ትንፏቀቁብኛላችሁ!»

«ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት...»

ቃሉን ሳይጨርስ በቡጢ አፉን መታው። ኤርሜስ እጁን እንኳ አላነሣም፤ ሰው ይመታኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። በሁለተኛው ቡጢ ወደቀ። ሰውዬው በሥራ ጫማው ጎኑን ረገጠው፤ ደግሞ ረገጠው። እጁ ላይ ቆመበት። ኤርሜስ የሚያሰማው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

ኒቬስ ሰንሰለቱን ከወገቧ ፈታችው።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሰውዬው ዞረ። ሁለተኛው መንጋጋውን አገኘው። ጥርሱ ሲሰበር በደህናው ጆሮዋ ሰማችው። ተንበረከከ፤ ደም የተቀላቀለ ምራቅ አስፋልቱ ላይ ተዝረከረከ። እጁን ከፍ አድርጎ «በቃ፣ በቃ!» አለ። እሷ ግን አልበቃትም። ጀርባውን መታችው። ክንዱን መታችው። እየዳኸ ወደ መኪናው ሊሸሽ ሲል ተከትላ እግሩን መታችው። በዚያች ሰዓት ከፊቷ የሚድኸው ሩጄሮ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ነበር፣ የበፊቱ ባሏ፣ ያኔ ልትመታው ያልቻለችው። እያንዳንዱን ምት ስትሰነዝር እያቃሰተች ነበር፤ ምራቋ አገጯ ላይ ወርዷል።

«ኒቬስ! በቃሽ! ትገድይዋለሽ! ኒቬስ!»

የባሏን ድምፅ የሰማችው ከብዙ ጥሪ በኋላ ነው። ቀና ስትል ከቫኑ ማዶ አንዲት ቀጭን ሴት በሩን ይዛ ቆማለች። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ባሏን ለማዳን አንድ እርምጃ አልተራመደችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች።

ሩጄሮ እየተንፏቀቀ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ሴትዮዋን «ንጂ! ንጂ አንቺ ደንቆሮ!» ብሎ ጮኸባት። ቫኑ እየተወላገደ ሄደ። ከኋላ የመጡ ሞተረኞች ኤርሜስን አንሥተው አምቡላንስ ጠሩ። ከመካከላቸው አንዱ ሰንሰለቱን ከኒቬስ ሊቀበላት ቢሞክር ጣቶቿ እምቢ አሉ። አንድ በአንድ ነው የፈታቸው።

ከተራራው ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ሆስፒታል ኤርሜስን አስተኙት። ጎድኑ ተሰብሯል፣ የእጁ አንጓ ተሰንጥቋል፣ ከንፈሩ ተሰፍቷል። ኒቬስ አጠገቡ ተቀመጠች። ውኃ ስትሰጠው ይጠጣል፤ ትራሱን ስታስተካክልለት «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ዓይኗን ግን አያይም። እጇ ወደ ፊቱ ሲጠጋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ኋላ ይላል። ያንን ባየች ጊዜ እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው።

«ፈራኸኝ እንዴ?» አለችው።

ኤርሜስ መዋሸት አይችልበትም። «ባልጠራሽ ኖሮ አታቆሚም ነበር።»

«አላቆምም ነበር።»

«ልመና ላይ ነበር እኮ፣ ኒቬስ። ሰውዬው እየለመነሽ ነበር።»

«አንተም ለምነኸው ነበር።»

ኤርሜስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አንቺን እንደዚያ ሆነሽ ከማይ እሱ ቢረግጠኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። ኒቬስ ተነሣች። ወጥታ መተላለፊያው ላይ ቆመች፤ ነርሷ «ሲኞራ፣ ደህና ነዎት?» ስትላት «እጄን ልታጠብ ነው» አለች፤ ግን ታጥባው ነበር።

በማግስቱ ኤርሜስ ከሆስፒታል ሲወጣ ካራቢኒየሪ የሚባሉት ፖሊሶች በሩ ላይ ጠብቀው ወደ ጣቢያ ወሰዷቸው። ሩጄሮ ከስሶ ነበር። ብስክሌተኞቹ መንገድ ዘግተው ሰደቡኝ፣ ልጠይቃቸው ብወርድ ሴትዮዋ በብረት ልትገድለኝ ሞከረች ብሏል። የባሏን ጎድን ማን ሰበረው ሲባል «ከብስክሌት ወድቆ ነው» የሚል መልስ ሰጥቷል።

የጣቢያው አዛዥ ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ኒቬስ ሳትደባብቅ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። «ከወደቀ በኋላም መታሁት» አለች።

«ሲኞራ፣ ይህንን ባይሉኝ ይሻልዎት ነበር።»

«የሆነው ነው።»

«ምስክር አለዎት? ሞተረኞቹ የደረሱት ካለቀ በኋላ ነው።»

«ሚስቱ ነበረች።»

አዛዡ ተነፈሰ። «ሚስቱ ተኝቼ ነበር፣ ምንም አላየሁም ነው የምትለው።»

ኤርሜስን ቃሉን ከተቀበሉት በኋላ ሩጄሮን አስገቡት፤ መንጋጋው በፋሻ ታስሯል። ኤርሜስ መተላለፊያው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ጎኑን ደግፎ ተቀመጠ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ያች ቀጭን ሴት ተቀምጣለች። ማርዚያ ትባላለች። ሙቀት እያለ ረጅም እጅጌ ለብሳለች። ኒቬስ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ማርዚያ እንደ መሸሽ አለች።

«አይዞሽ፣ ልቆጣሽ አይደለም» አለቻት ኒቬስ። «ተኝቼ ነበር ያልሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እጅጌሽን ግን ሳብ አድርጊው፣ ይታያል።»

ማርዚያ ደንግጣ አንጓዋ ላይ ያለውን ወደ ቢጫ የዞረ ብልዝ ሸፈነች። ቆይታ በሹክሹክታ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አለች።

«እኔም ደረጃ ነበረኝ። ይህችን ጆሮዬን ደረጃው ነው የወሰዳት።»

ኒቬስ እንደ ጆሮ ደካማ ሰው ሁሉ ቀስ ብላ ያወራች ሲመስላት ነው የምትጮኸው። ድምፅዋ ኤርሜስ ያለበት ጥግ ድረስ ይሰማ ነበር።

«በምን መታዎት?» አለች ማርዚያ።

«በብረት ምጣድ። ሾርባው ቀዝቅዞበት። እርጉዝ ነበርኩ፤ ሽሉም ያን ሌሊት ወረደ። ወደ አባቴ ቤት ሸሸሁ፤ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ ራሱም በቀበቶ ነው ያሳደገኝ። ‹ሚስት ነሽ፣ ተመለሺ› ብሎ በጀልባው መልሶ አደረሰኝ። ያኔ ባሌ በሩን ዘግቶ የሠራኝን አልነግርሽም።»

«ታዲያ እንዴት ወጡ?»

«ጭጋግ የሆነ ጠዋት ገላውን ሲታጠብ የጎረቤት ብስክሌት ሰረቅኩ። በቤት ጫማ። ወደ አባቴ አልሄድኩም በዚህኛው ጊዜ። ፌራራ ስደርስ ሁለቱም ጫማ ከእግሬ አልነበረም።»

«አልፈሩም?»

«ሽንቴ እስኪያመልጠኝ ነው የፈራሁት።»

ማርዚያ ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች። «እህቴ ፕራቶ ከተማ ነው ያለችው» አለች። «እሷ ሁልጊዜ ነይ ትለኛለች...»

በሩ ተከፈተና ሩጄሮ ወጣ። ሚስቱ ከማን ጋር እንደተቀመጠች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ከዚች ጠንቋይ ጋር ምን ታወሪያለሽ?» አለ በታሰረ መንጋጋው። «ምን ነገርሻት?»

«ምንም፣ ሩጄ፣ ምንም አልነገርኳትም...»

ያለበትን ረሳ። ፀጉሯን በጡጫው ጠቅልሎ ብድግ አደረጋትና ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨው። የተሰቀለ ፎቶ ወድቆ መስተዋቱ ተበተነ። ደግሞ ሊያጋጫት ሲስባት ኒቬስ ማርዚያን በወገቧ ይዛ ወደ ራሷ ጎተተች፤ እሱ ግን ፀጉሯን አልለቀቀም። ያኔ ከጥጉ ኤርሜስ መጣ። አንድ እጁ ታስሯል፣ ጎድኑ ተሰብሯል፤ መማታት አያውቅበት። የሩጄሮን አንጓ በሁለት መንጋጋው ያዘና ነከሰው። ሰውዬው እንደ አሳማ ጮኸ፤ በሌላ እጁ የኤርሜስን ጭንቅላት ደበደበ፤ ኤርሜስ ዓይኑን ጨፍኖ ነከሰው፤ ጣቶቹ እስኪከፈቱ አልለቀቀም። ካራቢኒየሪዎች ከየክፍሉ ወጥተው ሩጄሮን በፊቱ መሬት ላይ አስተኙት፤ ጉልበት ጀርባው ላይ፣ ካቴና እጁ ላይ። ኤርሜስ የሰው ደም አፉ ውስጥ መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው። «ኒቬስ» አለና ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ማርዚያ ግንባሯ ተሰንጥቆ፣ ደሙ ቅንድቧ ላይ እየወረደ፣ የኒቬስ ጭን ላይ እንደተኛች ለአዛዡ «አልተኛሁም ነበር» አለችው። «ሽማግሌውን ሲረግጠው አይቻለሁ። ሆን ብሎ ነው በመኪናው የገጫቸው። ከመግጨቱ በፊት ‹ተመልከቺ እንዴት እንደማስደነግጣቸው› ብሎኛል። ሁሉንም እናገራለሁ።» አመሻሹ ላይ እህቷ በመኪና መጥታ ወሰደቻት።

ኤርሜስና ኒቬስ ያደሩት ከጣቢያው ማዶ ባለች ማረፊያ ነው። እሱ አፉን ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ሰማሁሽ» አላት።

«ምን ሰማህ?»

«ምጣዱን። ልጁን። ጀልባውን። ግድግዳውም ሰምቷል፣ አንቺ እኮ ሹክሹክታ አታውቂም።»

ኒቬስ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታለቅሳለህ። አንተን ሳባብል ልኖር ነው?»

እውነትም እያለቀሰ ነበር። ደህናውን እጁን ዘርግቶ ጉንጯን ዳሰሰ። «ዛሬ ሰው ነከስኩ» አላት። «እጁ ቢቆረጥልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንደዚህ ያለ ነገር ውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ እሱ ነው ያስፈራኝ።»

«እኔም እዚያ ዳገት ላይ ራሴን ፈርቼዋለሁ። አሁንም አልለቀቀኝም።»

«ሰንሰለቱን ወሰዱት?»

«ለማስረጃ ይዘውታል።»

«ይያዙት። ሌላ አንገዛም።»

ኒቬስ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሏት ለማግስቱ የባቡር ሰዓት ልትጠይቅ ስትነሣ ኤርሜስ ተቆጣ። በትዳራቸው ዘመን ሲቆጣ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። «የምን ፌራራ! ፍሎረንስ ከዚህ ቁልቁለት ነው!» አለ። እሱ መንዳት ስለማይችል ብስክሌቱን እዚያው አስቀምጠው፣ የእሷን ጎማ አስቀይረው፣ እሷ ስትነዳ እሱ በአውቶቡስ ቦርሳዎቹን ይዞ ሊቀድማት ተስማሙ። በየከተማው ፌርማታ ላይ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሩ አብጦ ይጠብቃታል፤ ስትመጣ ያጨበጭባል። የአውቶቡሱ ሰዎች ምን ሆነህ ነው ሲሉት «ሚስቴ ሻምፒዮን ናት፣ እኔ ደግሞ መለማመጃዋ» ይላቸዋል። ኒቬስ አንድ ጊዜ ሰምታው በጓንቷ አጮለችው፤ ከዚያ ወዲያው ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። እሱ ግን ወደ ኋላ አላለም። እየሳቀ ጎድኑን ያዘ።

ፍሎረንስን አዩ። ኤርሜስ ትልቁ ጉልላት ሥር ቆሞ አንገቱን ማቅናት አቅቶት በጀርባው ድንጋዩ ላይ ተኛና አየው። እሷ ጸሐዩን በኮፍያዋ ከፊቱ እየከለለች አጠገቡ ቆመች፤ ሰው እየዞረ ያልፋቸዋል። እስከ ሲዬና ድረስም ሄዱ፤ እዚያ ብስክሌቷን ሸጠው በባቡር ተመለሱ፤ የኤርሜስን ብስክሌት በጎረቤት መኪና አስመጡት።

ፍርድ ቤቱ በዓመቱ ጠራቸው። ሩጄሮ በመኪናው ሰው ገጭቶ በመደብደቡና ሚስቱን በማሠቃየቱ ተፈረደበት፤ እስር ቤት ገባ። ኒቬስ ላይ የተከፈተው መዝገብ ተዘጋ፤ ዳኛዋ ግን ከመዝጋቷ በፊት መነጽሯን አውልቃ «ሲኞራ፣ የመጨረሻዎቹ ምቶች መከላከል አልነበሩም። ያውቁታል?» አለቻት።

«አውቀዋለሁ» አለች ኒቬስ። «ሌት ተቀን ነው የማውቀው።»

ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ማርዚያ ደረጃው ላይ ጠበቀቻቸው። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ፕራቶ ውስጥ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታለች። ምሳ እንብላ ብለው ወደ አንዲት ምግብ ቤት ገቡ። አስተናጋጁ ሲመጣ ማርዚያ ቶርቴሊ የሚባለውን ፓስታ አዘዘች፤ አንገቷን ደፍታ ሙሉውን ሳህን በላች፤ ሲያልቅባት ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸውና ፊቷ ቀላ።

«ሌላ ልዘዝ?» አለች።

«እዘዢ እንጂ፣ የኔ ልጅ» አላት ኤርሜስ፤ ለአስተናጋጁም እጁን አነሣ።